«በጀት የለም» ከተባለ በኋላ፦ የሰፈር ፓርክ ጥያቄ እንዴት መልስ ያገኛል?

ጥያቄ፦ «የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ኮሚቴ ነን። በሰፈራችን መሃል በከተማው ፕላን ላይ ለአረንጓዴ ቦታ የተያዘ ባዶ መሬት አለ። ስፋቱ ግማሽ ሄክታር ይሆናል። አሁን ቆሻሻ ይጣልበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አንዳንዶች መኪና ያቆሙበታል። ፊርማ አሰባስበን ፓርክ እንዲሠራልን ለምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ ጻፍን። ሁለቴም ‹ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፤ ግን በጀት የለም› ተባልን። ከመካከላችን ‹ሰልፍ እንውጣ› የሚሉ አሉ። ‹ገንዘብ አዋጥተን ራሳችን ዛፍ እንትከል› የሚሉም አሉ። ይታጠር አይታጠር በሚለውም አልተስማማንም። ምን ይሻለናል?»

ምላሽ፦

የሰልፉን ነገር ለጊዜው እናቆየው። መጀመሪያ «በጀት የለም» የሚለውን መልስ እንፍታው። ብዙ ጊዜ በዚህ መልስ ውስጥ ያልተነገረ ሌላ ነገር አለ።

ሥራዬ የከተማ አረንጓዴ ቦታዎችን ማቀድ ነው። ከጠያቂዎችም ጋር ተቀምጫለሁ፣ ከተጠያቂዎችም ጋር። ከተጠያቂዎቹ በኩል ያየሁትን ልንገራችሁ። የመናፈሻ ጥያቄ ሲመጣ ኃላፊውን በጣም የሚያስጨንቀው የግንባታው ወጪ አይደለም። ግንባታ አንዴ ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ። የሚያስጨንቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ማን ያጠጣል? ማን ይጠርጋል? አምፖሉ ሲቃጠል ማን ይቀይራል? ማታ ማን ይጠብቃል? ይህ ሁሉ በየዓመቱ ከመደበኛ በጀት የሚወጣ ነው፤ ማቆሚያም የለውም። ለካፒታል በጀት፣ ማለትም ለግንባታው ገንዘብ፣ ለጋሽ ሊገኝ ይችላል። ከንቲባው ስሙን የሚያስጠራ ፕሮጀክት ሲፈልግም ገንዘብ ይገኛል። የአትክልተኛ ደመወዝ እለግሳለሁ የሚል ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለዚህ እናንተ «ፓርክ ይሠራልን» ብላችሁ ስትጽፉ፣ እዚያ ያለው ሰው «በየዓመቱ የምትከፍለው አዲስ ዕዳ አመጣንልህ» ብሎ ነው የሚያነበው። ከዚህ በፊት ተሠርተው የደረቁ መናፈሻዎች ካሉበት ደግሞ ጭራሽ ይፈራል። ባዶ መሬት ማንንም አያስወቅስም። የተበላሸ ፓርክ ግን ያስወቅሳል።

ሦስተኛው ደብዳቤያችሁ ከሁለቱ የሚለየው በፊርማ ብዛት ከሆነ መልሱም ያው ነው። ልዩነቱ ሌላ መሆን አለበት። «ከተሠራ በኋላ ማን ይይዘዋል?» የሚለውን ጥያቄ እነሱ ሳያነሱት እናንተ መልሳችሁ ሂዱ።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን መሬቱን እንየው። በፕላን ላይ አረንጓዴ መቀባቱ ደግ ነው። ፕላን ግን ቦታ ይይዛል እንጂ ገንዘብ አይዝም። ደግሞ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዙሪያው ሁሉ ቤት ሆኖ ሳለ ይህ ግማሽ ሄክታር እንዴት ባዶውን ቀረ? አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት አለው። ከሥሩ ትልቅ የፍሳሽ መስመር ያልፍ ይሆናል። ከላይ የኤሌክትሪክ መስመር አለ ይሆናል። ዝናብ ሲበረታ ውሃ የሚተኛበት ሊሆን ይችላል። ወይም በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል ርክክብ ሳይደረግ ቀርቶ፣ ሁለቱም «የእኔ አይደለም፣ የዚያኛው ነው» እያሉ ዓመታት አልፈው ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ከምታስቡት በላይ የተለመደ ነው። ባለቤቱ ያልታወቀ መሬት ላይ ደግሞ በጀት አይያዝም፤ ቢፈለግም አይቻልም።

ስለዚህ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። ይዞታው በማን ስም ነው? ከሥሩና ከላዩስ ምን መስመር ያልፋል? ቱቦ ካለ ፓርክ አይሆንም ማለት አይደለም። በቱቦው አቅጣጫ ትልቅ ዛፍ አይተከልም፤ ሣርና የእግረኛ መንገድ ይሆናል። ውሃ የሚተኛበት ከሆነማ እንዲያውም ጥሩ መከራከሪያ አገኛችሁ። ዝቅ ተደርጎ የተሠራ የሣር ሜዳ የዝናቡን ውሃ ይዞ ቀስ እያለ ወደ መሬት ያሰርገዋል። ያኔ የምትጠይቁት መናፈሻ ብቻ መሆኑ ይቀርና የጎርፍ መከላከያም ይሆናል። ለጎርፍ የሚያዘው ገንዘብ ደግሞ ከሌላ ሣጥን ነው የሚወጣው።

ቀጥሎ ጊዜ። ደብዳቤዎቹን መቼ እንዳስገባችሁ አልጻፋችሁም። እኔ ግን ልገምት። ቆሻሻው በጣም የሸተተ ጊዜ ነው፣ አይደል? ኮሚቴ የሚጽፈው ሲመረው ነው። በጀት ግን የራሱ ወቅት አለው። አዲሱ የበጀት ዓመት ከመግባቱ ከወራት በፊት እያንዳንዱ ክፍል የመጪውን ዓመት ዕቅድ ያዘጋጃል። ዕቅዱ ወደ ፋይናንስ ይሄዳል፣ እዚያ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ነው ምክር ቤት የሚደርሰው። ምክር ቤት ሲደርስ ከሞላ ጎደል ያለቀለት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ለመጨመር ከሌላው መቀነስ ግድ ይላል፤ የሚቀነስበት ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አያይም።

እናንተ በቀጥታ ለምክር ቤቱ ነው የጻፋችሁት። ዕቅዱን የሚጽፈው ግን በመናፈሻ ወይም በአካባቢ ውበት ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ባለሙያ ነው። ስሙ ዜና ላይ አይወጣም። ቢሮው ጥግ ላይ ነው። ሄዳችሁ እሱን አግኙት። «የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ መቼ ነው የሚዘጋው? እዚያ ውስጥ ለመግባት ከእኛ ምን ሰነድ ትፈልጋለህ?» በሉት። አብዛኛው ባለጉዳይ የሚመጣው ሊጮህበት ስለሆነ ይህን የሚጠይቅ ሲያገኝ ነገሩ ይለያል። ደግሞ ይህን ሰው በስብሰባ ላይ ፊቱን እንዳታጠቁሩበት። የምክር ቤት አባላችሁ የሚጠቅሟችሁ በኋላ ነው፤ ዕቅዱ ውስጥ የገባችው መስመር እንዳትሰረዝ ሲጠብቁላችሁ።

ለዚያ ባለሙያ የምትወስዱት ሰነድ ምን ይኑረው? ፊርማ «እንፈልጋለን» ይላል። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሚጠቀምበት ግን አይናገርም። ስለዚህ ቁጠሩ። አንድ ሉክ ወረቀት ውሰዱና አስምሩ። በቁልቁል ሰዓቱን፣ በአግድም ሕፃን፣ ልጅ፣ ወጣት፣ ጎልማሳ፣ አረጋዊ ብላችሁ ጻፉ። እያንዳንዱን ለሴትና ለወንድ ክፈሉት። ከማለዳ እስከ ምሽት በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ብቻ ቆማችሁ ምልክት አድርጉ። አንድ የሥራ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን ይበቃል። በሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ የመሬቱን ንድፍ በእጃችሁ ሳሉና ሰው አቋርጦ ሲሄድ በእግሩ ያወጣውን ቀጭን መንገድ ሁሉ አስምሩበት። ይህ መንገድ ወርቅ ነው። ንድፍ አውጪው በፈለገው በኩል ድንጋይ ቢያነጥፍም ሰው በለመደው በኩል መሄዱን አይተውም። ሣሩም በዚያው ይሞታል። ከጅምሩ የለመደውን መንገድ አንጥፉለት።

ቆጠራው ማን እንደሌለም ይነግራችኋል። ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። የቪየና ከተማ በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፓርኮቹን ማን እንደሚጠቀምባቸው አስጠንቶ ነበር። ሴት ልጆች ዘጠኝ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከፓርክ እየጠፉ እንደሚሄዱ ታየ። ወንዶቹ ግን አይቀሩም ነበር። መሃል ላይ አንድ ትልቅ ሜዳ ብቻ ካለ ጉልበት ያለው ይይዘዋል፤ ሌላው ዳር ይቆማል፣ ከዚያ ጭራሽ ይቀራል። ከተማው በ1999 ሁለት ፓርኮችን እንደገና ሠራ። ሰፊውን ሜዳ ከፋፈለ፣ መንገዶች ጨመረ፣ ለሌሎች ጨዋታዎችም ቦታ አበጀ። ሴት ልጆቹ ተመለሱ። የእናንተም ባዶ መሬት ላይ አሁን ኳስ የሚጫወቱት እነማን እንደሆኑ እዩ። ልጃገረዶቹን ደግሞ ለብቻቸው ሰብስባችሁ ጠይቋቸው። በጠቅላላ ስብሰባ ላይ አይናገሩም።

ኳስ ተጫዋቾቹንም አትርሱ። «ፓርክ መጣ» ሲባል እነሱ የሚሰሙት «ሜዳችን ሊወሰድ ነው» የሚለውን ነው። መኪና የሚያቆሙትም እንደዚያው። ቤት ያላቸው ሰዎች ብቻ ተሰብስበው ያቀዱት መናፈሻ በሳምንቱ አግዳሚው ተነቅሎ ሲያድር፣ ጥፋቱን በሙሉ በወጣቱ ላይ ማላከክ ይቀናናል። ከመጀመሪያው የኮሚቴ ወንበር ስጧቸው። ስለ መብራትና ስለ ውሃ ከሽማግሌዎቹ የተሻለ ሐሳብ ያመጣሉ፤ ቦታውን ማታም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄው ይዘት። «ፓርክ» ብላችሁ አትጠይቁ። ቃሉን የሰማው ሁሉ በየራሱ ጭንቅላት ፏፏቴ፣ ካፌና የድንጋይ አጥር ይስልና ዋጋውን ያባዛል። በምትኩ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ጠይቁ። ቆሻሻው ይነሳ። ሰው የለመደው መንገድ ይነጠፍ። ጥላ ያለው ዛፍ ይተከል። መንገዱን የሚያዩ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ይኑሩ። አንድ ወይም ሁለት መብራት፣ አንድ የውሃ መስመር። የውሃ መስመሩን ካላስገባችሁ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ትንሽ መጠየቅ ሽንፈት የሚመስለው ኮሚቴ ካለ የአምስተርዳምን ነገር ይስማ። በ1947 ከተማዋ በርቴልማንፕላይን በምትባል ትንሽ አደባባይ ላይ የልጆች መጫወቻ ሠራች። ንድፉን ያወጣው አልዶ ቫን አይክ የተባለ ወጣት አርክቴክት ነው። የአሸዋ ገንዳ፣ ልጆች የሚገለባበጡባቸው ብረቶች፣ ዛፎችና አግዳሚ ወንበሮች። በቃ፣ ይኸው ነው። የሌላ ሰፈር ሰዎች አዩና «ለእኛስ?» እያሉ ለከተማው አስተዳደር ይጽፉ ጀመር። እስከ 1978 ድረስ በከተማዋ ከ700 በላይ እንዲህ ያሉ መጫወቻዎች ተሠሩ። ብዙዎቹ የቆሙት እንደ እናንተው ባለ፣ ማንም በማይፈልገው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ርካሽ ስለነበሩ «በጀት የለም» ለማለት አይመቹም ነበር።

መጠኑም ይበቃችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት በ2017 ባወጣው ሰነድ፣ የከተማ ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያንስ ከግማሽ እስከ አንድ ሄክታር የሚሆን አረንጓዴ ቦታ ቢኖረው ይመከራል ይላል። የእናንተ መሬት ይህን ያሟላል። በደብዳቤው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሱትና እለፉ። በእንዲህ ያለ ቁጥር ብቻ ልቡ የተነካ ባለሥልጣን አላየሁም።

አሁን «ራሳችን እንትከል» ወደሚሉት። ሐሳባቸው ክፉ አይደለም። ግን በሒሳብ እንየው። 30 ችግኝ ተከላችሁ እንበል። አንድ ችግኝ በደረቁ ወቅት በሳምንት በግምት 20 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ አንድ ጀሪካን ማለት ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ 30 ጀሪካን። ቧንቧው የት ነው? በማን ቆጣሪ ነው የሚቀዳው? ይህ ለአንድ ወር አይደለም። ሥሩ ጠልቆ ራሱን እስኪችል ድረስ በደረቅ ወቅት ሁሉ፣ ሁለት ሦስት ዓመት መቀጠል አለበት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለት ጡረተኞችና የኮሚቴው ጸሐፊ ይቀራሉ። ያ ጸሐፊ ምናልባት ጥያቄውን የላክልኝ ሰው ነው።

ያለ ፈቃድ ከተከላችሁ ደግሞ ነገ ቱቦ ሲጠገን ተነቅሎ ይጣላል፤ የምትከራከሩበት ወረቀትም የላችሁም። መትከል ካማራችሁ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፣ ዝናብ ሲጀምር ትከሉ፣ ሰው ሊያጠጣው የሚችለውን ያህል ብቻ። አሥር የጸደቀ ዛፍ ይዞ ምክር ቤት መሄድ መቶ የደረቀ ከመቁጠር ይሻላል። ገንዘብ ከሰበሰባችሁም የማኅበሩ ሒሳብ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ለእያንዳንዷ ወጪ ደረሰኝ ይኑር። ሰፈርን ከፓርክ ማጣት በላይ የሚያጣላው የጠፋ መዋጮ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው፣ ወደ አያያዙ። ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የምትፈራረሙበት አንድ ገጽ ረቂቅ እናንተው ጻፉ። በግራ በኩል እናንተ የምትሠሩት፣ በቀኝ በኩል እነሱ። እናንተ በየሳምንቱ ጽዳት፣ የተሰበረውን መጠቆም፣ የአበባ መደብ መንከባከብ፣ የልጆችን ጨዋታ ሰዓት ማስተባበር ትችላላችሁ። ኤሌክትሪክ አትነኩም። ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ወጥታችሁ ቅርንጫፍ አትቆርጡም። የቆሻሻ መኪናና የውሃ ሂሳብ የእነሱ ነው። በቀኙ ዓምድ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ሳይገባ እንዳትፈርሙ፦ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው፣ ለጥቂት ሰዓትም ቢሆን። ፈቃደኛ ይደክማል፣ ይታመማል፣ ሰፈር ይቀይራል። ተቀጣሪው ሲቀር ግን ሌላ ይተካል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ነዋሪው በነፃ ካልሠራ አገልግሎት አያገኝም የሚል አስተሳሰብ እየተለመደ ነው። እኔ አይዋጥልኝም። ባለ ገንዘብ ሰፈር መናፈሻውን ማንም ሳያስጠርገው ያገኛል። ስለዚህ የምትሰጡት ጉልበት ኃላፊውን ለማደፋፈር ይሁን እንጂ የእሱን ሥራ ለመተካት አይሁን። ስምምነቱ ላይ «በየዓመቱ ይታደሳል፤ ነዋሪዎች በማንኛውም ጊዜ ድርሻቸውን መቀነስ ይችላሉ» የሚል ይግባበት።

ይታጠር አይታጠር? እኔ አይታጠር ባይ ነኝ። ግን ምክንያቴን ስሙ። በኒውዮርክ ብራያንት ፓርክ የሚባል ቦታ አለ። በ1970ዎቹ የአደንዛዥ ዕፅ ሻጮች መናኸሪያ ሆኖ ነበር። ሰው በአደባባይ እንዴት እንደሚቀመጥና እንደሚንቀሳቀስ ሲያጠና የኖረው ዊሊያም ዋይት ቦታውን እንዲያይ ተጠየቀ። ችግሩ ፓርኩ ከመንገዱ መነጠሉ ነው አለ። ከመንገዱ ከፍ ያለ ነው፣ በአጥርና በቁጥቋጦ ተከልሏል፤ ውስጡን ማንም አያየውም። ማንም የማያየው ቦታ ደግሞ ለማን እንደሚመች ግልጽ ነው። መግቢያው ሰፋ፣ ቁጥቋጦው ተነሳ፣ ማንም እንደፈለገ የሚያንቀሳቅሳቸው ወንበሮች ገቡ። በ1992 ሲከፈት ሰው ሞላው። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አንድ ነገር ይዘላሉ፦ ፓርኩ ደመወዝ የሚከፈላቸው ጠራጊዎችና ጠባቂዎችም ነበሩት። ዕይታ ብቻውን አይጠርግም።

ስለዚህ ለልጆች መጫወቻው ክፍል፣ መንገድ ዳር ከሆነ፣ ወገብ የሚደርስ አጥር ይበቃል፤ ልጅ ኳስ ተከትሎ ወደ መኪና እንዳይሮጥ። ሌላው ክፍት ይሁን። መኪናውን ለመከልከል አጥር አያስፈልግም፤ ተቀራርበው የተተከሉ አጫጭር የድንጋይ ምሰሶዎች ይበቃሉ። ቁልፍ ያለው በር ከሠራችሁ ደግሞ «ቁልፉ ማን ጋር ነው?» የሚል አዲስ ጠብ ገዛችሁ ማለት ነው።

ሰልፉስ? መብታችሁ ነው። እኔ ግን ከሰልፍ በፊት «ለሙከራ» የሚለውን ቃል እሞክራለሁ። በዚያው ኒውዮርክ፣ ዋሽንግተን ስኩዌር በተባለው ፓርክ መሃል ሰፊ የመኪና መንገድ ሊወጣ ታቅዶ ነበር። ሸርሊ ሄይስ የምትባል እናት ከሰፈሯ ሰዎች ጋር ሆና በ1952 መቃወም ጀመረች። ከተፋለሟቸው ሰዎች አንዱ በከተማው ውስጥ የልቡን የሚያደርገው የፓርኮች ኃላፊ ሮበርት ሞዝስ ነበር። ነዋሪዎቹ በ1958 ያገኙት ነገር ፓርኩ ለመኪና ለሙከራ እንዲዘጋ ነው። ይፈጠራል የተባለው የትራፊክ ቀውስ ሳይፈጠር ቀረ። በዓመቱ መዘጋቱ ቋሚ ሆነ። «ለሦስት ወር እንሞክረው» የሚለውን ሐሳብ እምቢ ማለት ለማንም ይከብዳል። እናንተም ለሙከራ መኪናው ይነሳ፣ ጥቂት ወንበር ይቀመጥ፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ዝግጅት ይደረግበት በሉ። በዚያው ቆጠራችሁን ድገሙት። በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ንግግር ማብዛት አያስፈልግም።

ምክር ቤት ፊት ስትቀርቡ አንድ ሰው ይናገር፤ ሌሎቻችሁ ተቀመጡ። አሥር ሰው ተራ በተራ ሲያለቅስ ሰዓቱ ያልቅና ውሳኔ አይሰጥም። «እናየዋለን» ከተባላችሁ «በየትኛው ቀን?» በሉና ቀኑ በቃለ ጉባኤ መያዙን ሳታረጋግጡ አትውጡ። በማግስቱ «ትናንት እንዲህና እንዲያ ተባብለናል» የሚል አጭር ደብዳቤ አስገብታችሁ ቀሪው ላይ ማኅተም አስመቱ። ቀጠሮው ያለ መልስ ሲያልፍ ያኔ ጋዜጠኛም ጥሩ፣ ሰልፍም ውጡ። የምታሳዩት ወረቀት ስላለ ጩኸቱ ክብደት ይኖረዋል።

ጊዜውን በተመለከተ አልዋሻችሁም። በኒውዮርክ የተተወ የባቡር ሐዲድን ወደ መናፈሻ ለመቀየር ሁለት የሰፈር ሰዎች ማኅበር ያቋቋሙት በ1999 ነው፤ የሃይ ላይን ፓርክ የመጀመሪያው ክፍል የተከፈተው በ2009። የእናንተ ከዚያ በጣም ያነሰ ሥራ ነው። ቢሆንም የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ከተዘጋ አንድ ዓመት ሙሉ መጠበቃችሁ ነው። ስለዚህ ለሦስተኛው ደብዳቤ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት አንዳችሁ ነገ ጠዋት ወደዚያ ባለሙያ ቢሮ ሂዱና ቀኑን ጠይቁ። ሌሎቻችሁ በዚያው ሳምንት ቆጠራውን ጀምሩ።